ከምድጃው ጀምሩ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች፣ አካባቢን ስለማይጎዱ ልማዶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ አይደለሁም። ደሴ ውስጥ አምስት ቤት ባለበት ግቢ የምኖር ተከራይ ነኝ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ቤቴ ውስጥ አንዱን ስሞክር፣ ሌላውን ስተው፣ አንዳንዱ ሲሳካልኝ አንዳንዱ ሲከሽፍብኝ ቆይቻለሁ። ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ ኮምቦልቻ ያለችው እህቴም የሚጠይቁኝ ነገር ያው አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚህ ሰብስቤ መለስኩት።

ምክሩ ብዙ ነው። ከየት ልጀምር?

ከምድጃው። ሌላው ይደርሳል።

ኢንተርኔት ላይ የምናነበው ምክር አብዛኛው ለሌላ አገር ኑሮ የተጻፈ ነው። መኪና ቀንሱ፣ አውሮፕላን ተዉ፣ ሥጋ አታብዙ ይላል። እኛ ግቢ መኪና ያለው ሰው የለም። ሥጋውን ደግሞ ዋጋው ራሱ ቀንሶልናል። የእኛ ቤት ትልቁ ጉዳት ከከሰሉና ከእንጨቱ ነው የሚመጣው። አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል፣ እንደ አከሳሰሉ፣ ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይሄዳል። አንድ ማዳበሪያ ከሰል አሸክማችሁ ስትገቡ የምታዩት አንድ ማዳበሪያ ነው፤ ከዛፉ የጎደለው ግን የዚያ ብዙ እጥፍ ነው።

የአገራችን ኤሌክትሪክ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ኃይል ነው። ስለዚህ ሌላ አገር የሚሠራው «መብራት ቀንሱ» የሚል ምክር እኛ ቤት ሲገባ ይገለበጣል። ከከሰል ወደ መብራት ማዞር የምትችሉት ነገር ካለ አዙሩት። የቆጣሪው ሒሳብ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን ቀጥዬ እመጣበታለሁ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ቆጣሪ ይበላል፤ መብራቱም ይጠፋል። ታዲያ እንዴት ይሆናል?

ይበላል፣ አልዋሻችሁም። የተለመደው ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ትልቁ ብክነት ግን ባዶውን እስኪግል የሚወስደው ነው። በየሁለት ቀኑ አምስት አምስት እንጀራ የምትጋግሩ ከሆነ፣ በየሁለት ቀኑ ባዶ ምጣድ ለማሞቅ እየከፈላችሁ ነው። ሰብሰብ አድርጋችሁ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ጋግሩ። እኔና ጎረቤቴ አንድ ቀን አድርገነዋል። እኔ ስጨርስ ምጣዱ ሳይበርድ እሷ ሊጧን ይዛ ትገባለች፣ ሒሳቡን እንካፈላለን፣ ወሬውም በነጻ ነው።

የመጨረሻዋን እንጀራ እንዳሰፋሁ ማብሪያውን አጠፋለሁ። በነበረው ግለት ትበስላለች። እሷ ከወጣች በኋላም ምጣዱ ሙቅ ነው፣ ስለዚህ የከረመ እንጀራ ቆራርጬ በትኜበት ድርቆሽ አደርጋለሁ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ማታ ሁሉም ቤት ሲያበራ ኃይሉ ይደክማል፣ ምጣዱ በደንብ አይግልም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ከተቻለ ረፋድ ላይ ጋግሩ።

መብራት ለሚያስቸግረው ሰፈር ምርጥ ምድጃን አስቡበት። ያ ምጣዱን ዙሪያውን የሚይዘው፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተከፋፍሎ የሚሠራው ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፣ ጭሱንም እንደዚያው። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ግቢዋ ሰፊ ስለሆነ ሁለቱንም አላት። መብራት ሲኖር በመብራት፣ ሲጠፋ በምርጥ ትጋግራለች። «ሊጤ ኮመጠጠ ብዬ ማልቀስ ቀረ» ትላለች።

ቡናውንስ? በስቶቭ አፍሉ ልትይን ነው?

አልልም። ወሎ ላይ ቆሜ እንዲህ ብል ማን ይሰማኛል። አቦል፣ ቶናና በረካው ይቀጥላል፣ ዱአውም ጭሱም እንዳለ ይሁን። የምለው ሌላ ነው፤ ከሰሉ ለጀበናው ይሁን፣ ውሃ ለማሞቅ አይሁን።

እኔ ውሃውን መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ማፍያ አሞቅና ወደ ጀበናው እገለብጠዋለሁ። ከዚያ ጀበናው ከሰሉ ላይ የሚቆየው ለመንተክተክ ብቻ ነው። እማዬ ይሄን ስታይ «የጀበና ቡና በፈላ ውሃ ሲጀመር የት አየሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሳልነግራት በዚያው መንገድ አፍልቼ ሰጠኋት፣ ሦስቱንም ጠጣች፣ ምንም አላለችም። እስካሁንም አልነገርኳትም።

ከሰሉን ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ አትሙሉት። ብዙዎቻችን ቤት ቡናው ካለቀ በኋላ ግማሽ ምድጃ ፍም እየነደደ ይቀራል። በእኛ ቤት ፍሙን በመቆንጠጫ እያነሳሁ ክዳን ያለው የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ እከተዋለሁ። አየር ሲያጣ ይጠፋል፣ በማግስቱ ያው ከሰል ነው፤ እንዲያውም ካልነደደው ቶሎ ይይዛል። ጣሳው ራሱ እሳት ስለሚሆን ፕላስቲክ ላይ ወይ ምንጣፍ ላይ እንዳታስቀምጡት። ምድጃውም የሸክላ ውስጥ ያለው፣ ላቀች የሚባለው ከሆነ፣ ከተራው የብረት ምድጃ የከሰሉን ሩብ ያህል ያተርፋል።

ደሴ ትበርዳለች። ማታ ማታ ከሰል ክፍል ውስጥ ባስገባ ምን አለበት?

ይሄን ከአካባቢ ጉዳይ ጋር አታያይዙት፣ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ተኝታችሁ እያለ ይገድላል። ፍሙ ቀይ ስለሆነና ስለማያጨስ ችግር የለውም የሚባለው ስህተት ነው። ከሰል አስገብታችሁ አትተኙ። አለቀ።

ለብርዱ የሚሻለው የበሩን ሥርና የመስኮቱን ክፍተት በአሮጌ ጨርቅ መድፈን፣ መጋረጃውን ወፍራም ማድረግና ጋቢ መደረብ ነው። ቀዳዳውን የደፈናችሁበት ክፍል ውስጥ ግን ምንም የሚነድ ነገር እንዳይገባ።

ሽምብራና ባቄላ ደሴ ላይ አይበስልም። ነዳጁን የሚጨርሰው እሱ ነው።

እውነት ነው፤ ምክንያቱም ከፍታው ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፣ 100 አይደርስም። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ወደ 1,850 ሜትር ስትጠጉ 94 ይሆናል። እህቴ ጋ ቶሎ የሚበስለው እኔ ጋ ለምን እንደሚያንቀራፍፈኝ የገባኝ ይሄን ካወቅሁ በኋላ ነው፤ በፊት ሽምብራው የተለየ ይመስለኝ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማታ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት ውሃውን ቀይሩ፣ ሲፈላ ክዳኑን ግጠሙ። ፕሬዠር ድስት ያለው ሰው ደሴ ላይ በደንብ ይጠቀምበት፣ ለእንዲህ ያለ ከፍታ የተፈጠረ ነው። የሌለው ደግሞ ድስቱ ሃያ ደቂቃ ያህል በደንብ ከተንተከተከ በኋላ አውርዶ፣ ክዳኑን ሳይከፍት በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጠው። ለክክና ለምስር ይበቃል። ለሽምብራ ኋላ ላይ ትንሽ እሳት ይጨመርለታል። ቀይ ቦሎቄን ግን እንዲህ አታድርጉ፣ በደንብ ካልተንተከተከ ሆድ ይረብሻል።

ፌስታል ተከልክሏል አይደል? ለምን አሁንም ይሰጡናል?

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ይከለክላል። ግን አዋጅ እስኪወርድ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሻጯም «ይዘሽ ካልመጣሽ በምን ላንሳልሽ?» ስትል አልፈርድባትም።

ስለዚህ ይዞ መሄድ ነው። ዘንቢል ቤታችሁ አለ፣ የሌለው ቤት የለም፤ ችግሩ በሩ አጠገብ አለመሰቀሉ ነው። እኔ ለሁለት ወር ያህል «ረሳሁት» ስል ቆየሁና በመጨረሻ ምስማር መትቼ ቁልፍ የምሰቅልበት ቦታ ላይ ሰቀልኩት። ቁልፉን ሳነሳ ዘንቢሉ እጄን ይነካኛል። ለቲማቲምና ለሽንኩርት ዘንቢሉ ይበቃል፣ ለሥጋ ክዳን ያለው ሳህን እወስዳለሁ (ሥጋ ቤቱ መጀመሪያ ሳቀ፣ አሁን ለምዶታል)። ሰኞ ገበያ የሚወጣ ሰው ደግሞ እህሉን በማዳበሪያ፣ በርበሬውን በጨርቅ ከረጢት ማድረግን ከድሮም ያውቀዋል። አዲስ ነገር አይደለም፣ እናቶቻችን እንደዚህ ነበር የሚገበዩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሀል የተቀመጠች ቁልቁለት ከተማ ናት። ቦይ ውስጥ የጣልነው ፌስታል እዚያው አይቀርም፤ ክረምት ሲመጣ ወይ ቦዩን ዘግቶ ጎርፉን ቤታችን ያስገባል፣ ወይ የቦርከና ወንዝ ይዞት ይወርዳል። ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ጨፋ ነው የሚሄደው፣ ከዚያም አዋሽ። እህቴ በየክረምቱ ትደውልና «ፌስታላችሁ ደርሷል» ትለኛለች።

ቆሻሻ የሚያነሳ ሲዘገይ ግቢ ውስጥ ማቃጠል ምን ችግር አለው? ከሰልስ በፌስታል ባቀጣጥል?

አታቃጥሉ። ፕላስቲክ ሲነድ የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው፣ በተለይ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር። ከሰል በፌስታል ማቀጣጠል ደግሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ጭሱን አጎንብሳችሁ ትስቡታላችሁ። በስንጥር፣ በደረቅ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይ በወረቀት አቀጣጥሉ።

ቆሻሻው የሚበዛው ተቀላቅሎ ስለሚቀመጥ ነው። እርጥቡን ለብቻ ካወጣችሁ የቀረው ደረቅ ቆሻሻ አይሸትም፣ ቢዘገይም ይቆያል። የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ጀሪካን፣ ቆርቆሮና ብረታ ብረት ለቆራሌው ነው። አሮጌ ልብስ ለልዋጭ።

ተከራይ ነኝ፣ ጓሮ የለኝም። ብስባሽ ማዘጋጀት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ መጀመሪያ ግን የእኔን ውርደት ስሙ።

የመጀመሪያ ጊዜ የጀመርኩት ሐምሌ ላይ ነው። አሮጌ በርሚል አገኘሁ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የተረፈ ወጥ ሳይቀር ጨመርኩበት። ክዳን የለውም፣ ሥሩ አልተበሳም። የደሴ ክረምት ሞላበት። በሦስተኛው ሳምንት ሽታው ግቢውን ያዘው። አከራዬ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው መጡና አይተው «ልጄ፣ ይሄስ ሞቷል፤ ቅበሪው» አሉኝ። ቀበርኩት።

ሁለተኛው ሙከራ ጥቅምት ላይ ነበር፣ እሱ ሠራ። ልዩነቱ ይሄ ነው። ሥሩንና ጎኑን በምስማር በሳሳሁት፣ ከላይ በማዳበሪያ ሸፈንኩት፣ አንድ እፍኝ እርጥብ ነገር ባስገባሁ ቁጥር ሁለት እፍኝ ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ ወይ የተቀዳደደ ካርቶን እጨምራለሁ። ወጥ፣ ሥጋ፣ ዘይት አላስገባም። በየሁለት ሳምንቱ በዱላ አገላብጠዋለሁ። በእጅ ሲጨመቅ እንደ እርጥብ ስፖንጅ መሆን አለበት፤ ውሃ ከተንጠባጠበ ደረቅ ይጨመርበት። ከሸተተ አየር አጥቷል ማለት ነው።

ደሴ ስለምትበርድ አራት ወር ግድም ፈጀብኝ። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስላለ ቶሎ ይደርሳል። የባህር ዛፍ ቅጠል አታብዙበት፣ ለመበስበስ ይዘገያል፣ አትክልትም አይወደውም። የጫት ገረባ ግን ይሆናል፣ እሱን ደግሞ ማንም አይከለክላችሁም፣ በየመንገዱ ሞልቷል።

ያ ጥቁር አፈር ሲወጣ ጎኑ የተቀደደ ጀሪካን ውስጥ ቆስጣ ዘራሁበት። አከራዬ አሁን ከቆስጣው ይወስዳሉ። ስለ በርሚሉ አንስተውም አያውቁ።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከዚህ በላይ ምን ልቆጥብ?

በፈረቃ የሚኖር ሰው ቁጠባ ያውቃል፤ የሚያባክነው ውሃ የመጣ ቀን ነው። ሁሉ ነገር ይታጠባል፣ ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል፣ የከረመው የጀሪካን ውሃ «አረጀ» ተብሎ ይደፋል። አትድፉት። ለመጸዳጃ፣ ለወለል፣ ለአትክልት ይሆናል።

የምስርና የሩዝ እጣቢ ወደ ቆስጣው። የመጨረሻው የልብስ መለቅለቂያ ወደ መጸዳጃው። ውዱእ በጆግ ሲሆን ቧንቧ ከፍቶ ከማድረግ በጣም ያነሰ ይወስዳል፣ ይሄን ጎረቤቶቼ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ሌሊቱን ሥሩ ጆግ አስቀምጡና ጠዋት እዩት፣ ያን ቀን ጎሚኒ ትገዛላችሁ።

ትልቁ ነገር ግን ጣሪያው ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። ጣሪያችሁ 30 ካሬ ከሆነና አንድ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 600 ሊትር ወረደ ማለት ነው። የሚረጨውንና የሚፈሰውን ቀንሱለት፣ ቢያንስ 20 ጀሪካን ይቀራል። በአንድ ዝናብ! አሸንዳ ለመግጠም አከራይ ማስፈቀድ ይጠይቃል፤ እኔ የውሃውን ግማሽ እሰጣለሁ ብዬ ነው ያሳመንኳቸው። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ስለሚያጥብ ይፍሰስ። ሳይታከም አይጠጣም። ለልብስ ግን ከቧንቧው ይሻላል፣ ሳሙና ቶሎ ያረፋል።

በኦሞ ፋንታ እንዶድ ብጠቀም ይሻላል?

ለነጠላና ለጋቢ እንዶድን የሚያህል የለም፣ ነጭ ያደርጋል፣ ክሩንም አይበላም። ግን «ተፈጥሮ ነው» ብላችሁ እጣቢውን ወንዝ ዳር አትድፉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዓድዋ አካባቢ ያስተዋሉት ይሄንኑ ነው፤ ሴቶች እንዶድ ይዘው ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ ተገኘ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ስለሆነ ለበሽታው መከላከያ ትልቅ ግኝት ሆነ። ዓሣንም ግን ይገድላል። እጣቢውን ከወንዝ ራቅ አድርጋችሁ አፈር ላይ ድፉት።

ዳይፐርስ?

ቀን ጨርቅ፣ ማታና መንገድ ላይ ዳይፐር። ነሐሴ ላይ ደሴ ውስጥ ጨርቅ እስኪደርቅ ልጁ ያድጋል፣ ስለዚህ ክረምት ላይ ራሳችሁን አትውቀሱ። የተጠቀማችሁበትን ቦይ ውስጥ አለመጣል ብቻ ትልቅ ነገር ነው።

ድግስና ለቅሶ ላይ በሚጣል ሳህን ማቅረብ ፋሽን ሆኗል። ምን ይደረግ?

ቅሬያችሁ (እድራችሁ) ሳህን አለው። ድስቱም፣ ድንኳኑም፣ ብርጭቆውም አለ፤ ከመዋጮው የተገዛ ነው፣ መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣል። የሚጣለው ሳህን የሚገዛው ማጠብ ስለሚሰለች ነው እንጂ ሳህን ስለጠፋ አይደለም። እኛ ሰፈር ባለፈው ድግስ ላይ ለሳህን የታሰበውን ብር ለሁለት አጣቢ ከፈልነው። እነሱም ሠሩ፣ ቆሻሻውም አንድ ጆንያ እንኳ አልሞላም።

ባለቤቴና ልጆቼ አይሰሙኝም። ብቻዬን ምን አመጣለሁ?

አትስበኩ። እኔ ሰብኬ አይቻለሁ፣ ባለቤቴ ለአንድ ወር «የጦሳ ጠባቂ» እያለ ሲጠራኝ ከረመ።

የሠራልኝ ጥቅሙን ለእነሱ መስጠት ነው። የሃይላንድ ፕላስቲኩን ትልቁ ልጄ ያጠራቅማል፣ ለቆራሌው ይሸጣል፣ ብሩ የሱ ነው። አሁን ጎረቤት ቤት ሳይቀር እየዞረ ይሰበስባል። ባለቤቴን ያሳመነው የከሰሉ ሒሳብ ነው፤ በፊት አንድ ማዳበሪያ ከአንድ ወር አያልፍም ነበር፣ አሁን ወር ከግማሽ ይሄድልናል። ስለ ደን አንድም ቃል አልነገርኩትም።

ደግሞ ሁሉንም በአንዴ አትጀምሩ። አንዱ ልማድ ሳታስቡት እጃችሁ እስኪሠራው ጠብቁና ወደ ሌላው ሂዱ። እኔ ዘንቢሉ ላይ ብቻ ሁለት ወር ፈጅቻለሁ ብያችኋለሁ።

አምፖል መቀየርስ ዋጋ አለው?

አለው። 60 ዋት የነበረውን 9 ዋት ኤልኢዲ ተክቶ ያው ብርሃን ይሰጣል። በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር ከ9 ኪሎዋት ሰዓት ወደ 1.35 ይወርዳል። የተረፈውን ለምጣዱ ስጡት።

የቀርከሃ የጥርስ ብሩሽ ደሴ ውስጥ የት ይሸጣል?

ከውጭ ልታስመጡት ነው? መፋቂያ ግዙ። ፒያሳ ጠዋት ጠዋት ልጆች ይዘውት ይዞራሉ፣ እርጥቡን ምረጡ።